ነጥቡ የእኛ፣ ካርታው የማን?

ከምርጫ ቦርድ፣ ከሕገ መንግሥት ትርጓሜና ከበጀት ጉድለት ወጣ ብዬ ዛሬ ስለ ትርፍ ጊዜ ሥራዬ ብጽፍ እንደማትቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ፡፡ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ከያዝኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል፡፡ ባለቤቴ ‹‹የዶክተሩ መጫወቻ›› ትለዋለች፤ በዩኒቨርሲቲው የመኪና ማቆሚያም ባልደረቦቼ መኪናዬን የሚለዩት በአንቴናው ነው፡፡ ይሁንና ባለፈው ጥቅምት የደረሰ አንድ ነገር ይህንን መጫወቻ ለዚህ ገጽ የሚበቃ ጉዳይ አድርጎብኛል፡፡

እዚህ በቨርጂኒያ ተራሮች ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚካሄድ የረጅም ርቀት ሩጫ አለ፡፡ ሯጮቹ የሚጓዙት ጫካውን አቋርጦ በሚያልፍ የእግር መንገድ ነው፤ በሸለቆዎቹ ውስጥ የሞባይል ስልክ አይሠራም፤ ስለዚህ አዘጋጆቹ በየዓመቱ የእኛን የአማተሮቹን እርዳታ ይጠይቃሉ፡፡ በየውኃና ምግብ ማደያው ሬዲዮ የያዘ ሰው እናስቀምጣለን፡፡ ከመጨረሻው ሯጭ ኋላ ደግሞ ሁለት በጎ ፈቃደኞች የቀረ ሰው እንዳይኖር እያዩ ይከተላሉ፤ ከእነርሱም የአንዱ ቦርሳ ውስጥ ያሉበትን ቦታ በየሁለት ደቂቃው በሬዲዮ የሚያስታውቅ፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይተልቅ መሣሪያ አለ፡፡ ማዕከላችን አንድ ድንኳን ነው፡፡ በዚያ ሌሊት በድንኳኑ ውስጥ፣ ባረጀ ላፕቶፕ ፊት የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ፡፡

በላፕቶፑ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ዩአይ-ቪው ይባላል፡፡ በሬዲዮ የሚመጡትን የቦታ መግለጫዎች ተቀብሎ እያንዳንዳቸውን በካርታ ላይ ነጥብ አድርጎ ያስቀምጣል፡፡ የእኛን ካርታ የሚያቀርቡለት ግን ሌሎች ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው አንድ የንግድ ድርጅት ይሸጠው የነበረ የመንገድ ካርታ ሶፍትዌር ነው፤ ሁለተኛው ያንን ሶፍትዌር ከዩአይ-ቪው ጋር የሚያገናኝ፣ አንድ አማተር ጽፎ በነፃ ያደለው ተቀጥላ ፕሮግራም ነው፡፡ ይህ ጥምረት ለዓመታት ያለ እንከን አገልግሎናል፡፡ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ላፕቶፑ ባትሪ ጨርሶ ጠፋና ዳግመኛ ሲነሣ የካርታው ሶፍትዌር ፈቃዱ እንዲረጋገጥለት ጠየቀ፡፡ የሚረጋገጠው በኢንተርኔት ነው፡፡ በድንኳኑ ውስጥ ኢንተርኔት አልነበረም፤ ቢኖርም ድርጅቱ ያንን ምርት ከተወው ዓመታት ስላለፉ መልስ የሚሰጥ ሰርቨር አልነበረም፡፡ ስክሪኑ ግራጫ ሆነ፡፡ ነጥቦቻችን በግራጫው ሜዳ ላይ እንደ ወትሮአቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ከሥራቸው ግን መንገድም፣ ወንዝም፣ ተራራም የለም፡፡

በዚያው ሰዓት ኋላ ያሉት በጎ ፈቃደኞች ከመንገድ የወጣ አንድ ሯጭ አገኙ፡፡ ድምፃቸው የሚደርሰን እየተቆራረጠ ነበር፡፡ ሰውየው ቁርጭምጭሚቱ እንደተጎዳ፣ ብርድ እያንቀጠቀጠው እንደሆነ፣ እነርሱም እርሱን ሲፈልጉ ከመንገዱ ስለወጡ የት እንዳሉ በትክክል እንደማያውቁ ከቁርጥራጩ ተረዳን፡፡ ነጥባቸው ስክሪኑ ላይ ቆሟል፡፡ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን እስከ ደቂቃ መቶኛ ድረስ አውቀዋለሁ፤ ቃሬዛ የያዙት ሰዎች በየትኛው መንገድ ይሂዱ ብባል ግን መልስ የለኝም፡፡

ያዳነን ዕድሜው ከሰባ በላይ የሆነ፣ በሥራ ዘመኑ የቧንቧ ሠራተኛ የነበረ አንድ አሜሪካዊ አማተር ነው፡፡ ምንም ሳይናገር ወደ መኪናው ሄደና መንግሥት ያሳተመውን የአካባቢውን የቶፖግራፊ ካርታ ከነእጥፋቱ አመጣ፡፡ በግንባር መብራት፣ በማስመሪያና በእርሳስ፣ እኔ ቁጥሮቹን ጮክ ብዬ እያነበብኩለት እርሱ ነጥቧን አሳረፋት፡፡ ያረፈችው አንድ ጅረት በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው፡፡ እኛ በሰሜን በኩል ልንልካቸው ነበር፤ ካርታው ግን በደቡብ በኩል አንድ የጫካ መኪና መንገድ እስከ አራት መቶ ሜትር ድረስ እንደሚቀርበው አሳየን፡፡ ሊነጋጋ ሲል ሰውየውን አወጡት፡፡

ሲነጋ አንድ ወጣት የወረቀቱን ካርታ በስልኩ ፎቶ አነሣና ላፕቶፑ ውስጥ አስገባው፡፡ ዩአይ-ቪው ማንኛውንም ሥዕል እንደ ካርታ ይቀበላል፡፡ የሚፈልገው ሦስት መስመር ያለው የጽሑፍ ፋይል ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው መስመር የሥዕሉ የላይኛው ግራ ጥግ የት እንደሆነ፣ ሁለተኛው የታችኛው ቀኝ ጥግ የት እንደሆነ ይነግረዋል፤ ሦስተኛው የካርታው ስም ነው፡፡ ልጁ ሦስቱን መስመሮች ጻፈ፤ ነጥቦቻችንም ጅረትና ተራራ አገኙ፡፡ ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልፈጀበትም፡፡ ይህ በር ለዓመታት ከፊታችን ክፍት ነበር፡፡ ያልገባንበት የሱቁ ካርታ የበለጠ ስለሚያምር ነው፡፡

እስቲ ስለ ሥርዓቱ ራሱ ጥቂት ልበል፡፡ ኤፒአርኤስ ይባላል፡፡ የፈጠረው በአናፖሊስ በሚገኘው የአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ቦብ ብሩኒንጋ ነው፤ በአማተሮች ዘንድ የሚታወቀው ደብሊውቢ4ኤፒአር በተባለ የጥሪ ምልክቱ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1982 የባሕር ኃይሉን የቦታ መግለጫዎች በአፕል 2 ኮምፒዩተር ካርታ ላይ ለማስቀመጥ ጀመረው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ቪክ-20 በተባለችው፣ ዛሬ ሕፃናት እንኳ በሚንቋት ኮምፒዩተር በመቶ ማይል የፈረስ ውድድር ላይ ፈረሶቹ የት እንደደረሱና እንዴት እንዳሉ ለመከታተል ተጠቀመበት፡፡ ስለዚህ የእኛ የተራራ ሩጫ ከሥርዓቱ ታሪክ የራቀ አልነበረም፡፡ ኤፒአርኤስ በዚህ ስሙ በአደባባይ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፡፡ ብሩኒንጋ በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. በኮቪድ ምክንያት አረፈ፡፡

አሠራሩ ቀላል ነው፡፡ አንድ ጣቢያ የጥሪ ምልክቱን፣ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን፣ መኪና ወይም ቤት ወይም ሯጭ መሆኑን የሚያሳይ ትንሽ ምልክትና አጭር ማስታወሻ በአንድ ፓኬት ጠቅልሎ ይልካል፡፡ ፍጥነቱ በሴኮንድ 1200 ቢት ነው፤ ዛሬ በኪሳችን ከያዝነው ስልክ አንጻር የቀንድ አውጣ ጉዞ ነው፡፡ ነገር ግን ፓኬቱ እጅግ አጭር ስለሆነ አንዱን ለመላክ አንድ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅም፡፡ በሰሜን አሜሪካ ሁሉም በ144.390 ሜጋኸርዝ፣ በአውሮፓ ደግሞ በ144.800 ሜጋኸርዝ ይነጋገራል፡፡ በተራራ ጫፍ ያሉ ጣቢያዎች የሰሙትን ይደግማሉ፡፡ ላኪው ‹‹ደርሶኛል›› የሚል መልስ አይጠብቅም፤ የሰማ ይሰማል፡፡ መሐል ላይ ተቀምጦ የሚፈቅድና የሚከለክል ኮምፒዩተር የለም፡፡ አንዳንድ ጣቢያዎች የሰሙትን ወደ ኢንተርኔት ያስተላልፋሉ፤ ፊንላንድ ውስጥ የተሠራ ኤፒአርኤስ ዶት ኤፍአይ የተባለ ድረ ገጽም የዓለምን ነጥቦች በአንድ ካርታ ላይ ያሳያል፡፡ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ ግን ሬዲዮዎቹ እርስ በርሳቸው መደማመጣቸውን አይተዉም፡፡

ብሩኒንጋ እስከ ዕድሜው ማብቂያ ያጉረመርምበት የነበረ አንድ ጉዳይ ነበር፡፡ ሰዎች ሥርዓቱን የመኪና መከታተያ አድርገው ማየታቸው ያናድደው ነበር፡፡ ለእርሱ ቦታ መንገር መነሻ እንጂ መድረሻ አልነበረም፤ ዓላማው በአንድ አካባቢ ያሉ ሰዎች ሁሉ በዙሪያቸው ምን እየሆነ እንዳለ፣ ማን ምን እንደሚፈልግ፣ አየሩ እንዴት እንደሆነ በአንድ ጊዜ እንዲያውቁ ነበር፡፡ በስሙ ውስጥ ያለችው ‹‹ፒ›› መጀመሪያ ‹‹ቦታ›› ማለት የነበረችው በኋላ ‹‹ፓኬት›› እንድትሆን መደረጓም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው፡፡ ካርታው ሁሉም የሚያየው የጋራ ሰሌዳ ነበር፡፡ ፖለቲካው የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል፡፡ የጋራ ሰሌዳውን የሚሠራው ማን ነው? የሚሰቅለው ማን ነው? ሲፈልግስ የሚያነሣው?

ወደ ዩአይ-ቪው ልመለስ፡፡ የጻፈው ሮጀር ባርከር የተባለ እንግሊዛዊ አማተር ነው፤ የጥሪ ምልክቱ ጂ4አይዲኢ ነበር፡፡ ፈቃድ ላላቸው አማተሮች ያለ ክፍያ ይመዘግብ ነበር፤ በምትኩ ካንሰርን ለሚታገል የበጎ አድራጎት ድርጅት የቻሉትን እንዲሰጡ ይጠይቃቸው ነበር፡፡ እርሱም በመስከረም 2004 እ.ኤ.አ. በካንሰር ሞተ፡፡ በኑዛዜውም መሠረት የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ እንዲጠፋ ተደረገ፡፡ ከዚያ ቀን ወዲህ ዩአይ-ቪውን አንዲት መስመር እንኳ ሊያርም የሚችል ሰው በምድር ላይ የለም፡፡

ይህንን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሁልጊዜ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፡፡ ግማሹ ‹‹የእጁ ሥራ ነው፣ መብቱ ነው›› ይላል፡፡ ግማሹ ይቆጣል፡፡ እኔ መብቱ መሆኑን አልክድም፤ ሥራውን በነፃ ሰጥቶ፣ ስጦታውንም ለታመሙ ሰዎች አዙሮ የሞተን ሰው ከመቃብሩ ባሻገር ልከስሰው አልፈልግም፡፡ ነገር ግን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ለነፍስ አድን ሥራ የሚደገፉበት ነገር የአንድ ሰው ንብረት ሆኖ መቆየቱ ስሕተት ነበር እላለሁ፤ ስሕተቱም ከእርሱ ይልቅ የእኛ የተጠቃሚዎቹ ነው፡፡ ስጦታ ሲሰጠን አመሰገንን እንጂ ‹‹ከአንተ በኋላስ?›› ብለን አልጠየቅንም፡፡ በአገራችን ስንት ነገር በዚሁ መንገድ እንደ ተሠራና እንደ ፈረሰ አንባቢ ራሱ ይቁጠር፤ ደግ መሪ፣ ደግ ዳይሬክተር፣ ደግ ባለሀብት ያቆመው ነገር ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፡፡

የሚገርመው ግን ዩአይ-ቪው ከባርከር ጋር አልተቀበረም፡፡ ከሞተ ከሃያ ዓመት በኋላም በድንኳናችን ውስጥ እየሠራ ነበር፡፡ ምክንያቱ ባርከር ኮዱን ቢቆልፍም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገናኙበትን በር ክፍት አድርጎ፣ አጠቃቀሙን ጽፎ መተዉ ነው፡፡ በዚያ በር ብዙ ተቀጥላዎች ገቡ፤ የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ የሚያመጣ፣ ነጥቦቹን ወደ ድረ ገጽ የሚያወጣ፣ ርቀትና አቅጣጫ የሚቀምር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ካርታ የሚያቀርብ፡፡ እያንዳንዱን የጻፈው ከሥራ በኋላ ማታ ማታ የተቀመጠ ሰው ነው፡፡ ባለቤቱ ያረፈ፣ በሩ የተቆለፈ ቤት መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ብቻ ሃያ ዓመት ሙሉ እንግዳ ሲያስተናግድ ኖረ ማለት ነው፡፡

የካርታ ተቀጥላዎቹ ዕጣ ግን የከፋ ነበር፡፡ እነዚህ ፕሮግራሞች ሁለት ጌታ ነበራቸው፤ በአንድ በኩል ዩአይ-ቪው፣ በሌላ በኩል የካርታው ነጋዴ፡፡ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካን መንገዶች በሙሉ በአንድ ሲዲ ውስጥ ጠቅልሎ በካርቶን መሸጥ ትልቅ ንግድ ነበር፤ አማተሮችም እየገዙ በእነዚህ ሶፍትዌሮች ላይ ተቀጥላ ይጽፉ ነበር፡፡ ማይክሮሶፍት ማፕፖይንትንና ስትሪትስ ኤንድ ትሪፕስን በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከገበያ አወጣቸው፡፡ የስትሪት አትላስ አሳታሚ የነበረውን ደሎርምን ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ጋርሚን ገዛው፤ ስትሪት አትላስም ቀረ፡፡ በእነርሱ ላይ የተገነቡት ተቀጥላዎች ወላጅ አልባ ሆኑ፡፡ የጻፏቸው ሰዎች አንዳች ጥፋት አልነበረባቸውም፡፡

ነጋዴዎቹ ለምን ተዉት? ካርታ በስልክ ላይ ‹‹በነፃ›› ስለመጣ ነው፡፡ ይህችን ቃል በጥርጣሬ ልናያት ይገባል፡፡ በካርቶን የገዛሁት ካርታ ምንም ጉድለት ቢኖርበት የት እንዳለሁ አይጠይቀኝም ነበር፤ ዋጋውን ከፍዬ ከጨረስኩ በኋላ በእርሱና በእኔ መካከል ሌላ ሒሳብ የለም፡፡ የነፃው ካርታ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ‹‹አንተ የት ነህ?›› ብሎ ነው፡፡ ካርታ የምናይበት ዘመን አልፎ ካርታ እኛን የሚያይበት ዘመን መጣ፡፡ ያንንም ስንፈቅድ አንድም ክርክር አላደረግንም፡፡

መፍትሔ የለም ለማለት አይደለም፡፡ ኤክስአስተር የተባለው ፕሮግራም ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ አንዱ ቢተወው ሌላው ያነሣዋል፡፡ ዩአይ-ቪውን ተክተው የመጡ ሌሎችም ኦፕንስትሪትማፕን ይጠቀማሉ፡፡ ይህ በበጎ ፈቃደኞች የሚሣል የዓለም ካርታ የተጀመረው በእንግሊዝ አገር በ2004 እ.ኤ.አ. ነው፤ ባርከር በሞተበት ዓመት፣ በአገሩ፡፡ እዚህም ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የኦፕንስትሪትማፕ መረጃ ነፃ ቢሆንም ሥዕሉን የሚያድሉት ሰርቨሮች በልገሳ የሚኖሩ ናቸው፤ የማንም ፕሮግራም ካርታውን እንደ ፈለገ በጅምላ እንዲቀዳ አይፈቅዱም፡፡ ስለዚህ ከአደጋው ቀን አስቀድሞ የራስን ካርታ አዘጋጅቶ መቀመጥ ግድ ነው፡፡ ያ ቧንቧ ሠራተኛ በመኪናው ውስጥ ያስቀመጠው ካርታም የሰማይ ስጦታ አይደለም፡፡ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሚያዘጋጃቸው ሥራዎች በሕግ የቅጂ መብት አይያዝባቸውም፤ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤቱ የሚያሳትማቸውን ካርታዎች ማንም ሊቀዳቸው፣ ሊሸጣቸው፣ ፎቶ አንሥቶ ላፕቶፕ ውስጥ ሊከታቸው ይችላል፡፡ በሕዝብ ግብር የተሠራ ስለሆነ የሕዝብ ነው፡፡ በዚህ አገር ፖለቲካ የማደንቀው ነገር እየሳሳ በመጣበት በዚህ ዘመን ይህችን ሕግ ግን ባርኔጣዬን አንሥቼ አልፋታለሁ፡፡

ይህንን ሁሉ አንድ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ የሐበሻ ቡና ቤት ለአንድ አዛውንት ስተርክላቸው ነበር፡፡ ሻምበል የቀድሞው ሠራዊት የመገናኛ መኮንን ነበሩ፤ ዛሬ ሰማንያን ሊደፍኑ ነው፡፡ በስልኬ ላይ የመኪናዬን ነጥብ አሳየኋቸው፡፡ አብራራሁላቸው፤ ማንም ሰው፣ በየትኛውም አገር፣ መኪናዬ አሁን ከዚህ ቡና ቤት ደጃፍ መቆሟን ሊያይ ይችላል፤ በአማተር ሬዲዮ መልእክትን በምስጢር ኮድ መሸፈን በሕግ የተከለከለ ስለሆነ የሚደበቅ ነገር የለም፡፡

‹‹ልጄ፣ እኛን ያሠለጠኑን ያለንበትን እንዳንናገር ነበር፤ እናንተ ገንዘብ ከፍላችሁ ትለፍፉታላችሁ?›› አሉኝ፡፡

‹‹ሻምበል፣ እርስዎ ጠላት ነበረብዎት፤ እኔን የምታየኝ ባለቤቴ ብቻ ናት›› ብዬ ቀለድኩ፡፡ እውነትም አንድ ቀን ‹‹ፈተና እያረምኩ ነው›› ባልኩበት ሰዓት ነጥቤ ክትፎ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ ተይዤአለሁ፡፡

ሻምበል አልሣቁም፡፡ ስልኬን በጣታቸው ነካ አደረጉና ‹‹ይህኛውስ የት እንዳለህ ለማን ነው የሚናገረው?›› ብለው ጠየቁኝ፡፡

መልስ አልነበረኝም፡፡ የጠየቁኝ ጥያቄ ግን ልዩነቱን አጠራልኝ፡፡ የሬዲዮዬን ማስተላለፊያ ማብሪያና ማጥፊያ የያዝኩት እኔ ነኝ፡፡ ሌሎች እኔን የሚያዩበትን ካርታ እኔም አየዋለሁ፡፡ የምልከውን ፓኬት ፊደል በፊደል ላነበው እችላለሁ፡፡ ስልኬ ግን ከማማ ወደ ማማ ሲሻገር ያለሁበትን የሚያውቁት የማላያቸው ሰዎች ናቸው፤ የሚያዩትን አያሳዩኝም፤ አጥፋው ብል ስልክነቱ ይቀራል፡፡ ስለ ግላዊ ሕይወት በየስብሰባው የምንከራከር ምሁራን መለኪያችንን በተሳሳተ ቦታ አድርገናል እላለሁ፡፡ ጥያቄው ‹‹ቦታዬ ታየ ወይስ አልታየም?›› ብቻ አይደለም፤ ‹‹እኔስ ምን ይታየኛል?›› ብሎም መጠየቅ ይገባል፡፡

ሻምበል ከዚያ ‹‹አዲስ አበባን ክፈትልኝ›› አሉ፡፡ ከፈትኩላቸው፡፡ ከተማው በካርታው ላይ ከነቀለበት መንገዱ አለ፤ ነጥብ ግን አንድም አልነበረም፡፡

አገራችን ከዚህ ሙያ ጋር ባዕድ ሆና አይደለም፡፡ በአስመራ በቃኘው ጣቢያ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ኢቲ3ዩኤስኤ በተባለ የጥሪ ምልክት ዓለምን ያነጋግሩ ነበር፡፡ ዛሬም የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ኢቲ3ኤኤ የተባለ ጣቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ አለው፤ ተማሪዎች ተምረውበታል፤ ከእነርሱም ጋር መነጋገር የቻለ የውጭ አገር አማተር ደስታው ወሰን የለውም፡፡ ነገር ግን አንድ ክበብ አገርን አያዳርስም፡፡ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ያስገባን ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ደነገገ፡፡ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 አዲስ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ የቴሌኮም ኩባንያ ሥራ ጀምሯል፡፡ ገበያው ተከፈተ፡፡ ለዜጋው እጅ የሚከፈተው በር ግን ከገበያው በር የተለየ ነው፡፡

በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. የትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ በዚህ ከተማ የሚኖር የአገራችን ሰው የት እንደሄዱ የማያውቃቸውን ቤተሰቦቹን ስም እየጠራ ያድር ነበር፡፡ አማተር ሬዲዮ ቢኖር ይህ አይሆንም ነበር የሚል የዋህነት የለኝም፡፡ አሜሪካ ራሷ በ1917ም በ1941ም እ.ኤ.አ. ወደ ጦርነት ስትገባ አማተሮቿን ዝም አሰኝታለች፡፡ በጦርነት መሐል ያለበትን ቦታ በግልጽ የሚያስታውቅ ሰውም ለመድፍ ዒላማ ራሱን እንደሚሰጥ ከሻምበል የተሻለ የሚያውቅ የለም፡፡ የምከራከረው ስለ ሰላሙ ቀን ነው፤ ስለ ጎርፉ፣ ስለ መሬት መንቀጥቀጡ፣ ስለ መሬት መንሸራተቱ፡፡ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ወገኖቻችን አፈሩን በእጃቸውና በአካፋ ሲቆፍሩ አይተናል፡፡ የዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ አንቀጽ 25 መንግሥታት አማተሮች ለአደጋ ጊዜ እንዲዘጋጁ የሚያስችል እርምጃ እንዲወስዱ ያበረታታል፡፡ ይህ ማለት አደጋው ሲደርስ ፈቃድ መስጠት አይደለም፤ አስቀድሞ ሰው እንዲማር፣ መሣሪያ እንዲኖረው፣ እንደ እኛ በሩጫ ላይ እንዲሳሳትና ከስሕተቱ እንዲማር መፍቀድ ነው፡፡

የካርታውም ጉዳይ እንዲሁ ነው፡፡ ከሃያ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ለመመረቂያ ጽሑፌ የአንድ ወረዳ ቶፖግራፊ ካርታ ፈልጌ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር፡፡ ‹‹ደብዳቤ አምጣ›› ተባልኩ፡፡ ደብዳቤ አመጣሁ፤ ለሌላ ክፍል የተጻፈ ነው ተባለ፡፡ አስተካክዬ ስመለስ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው፡፡ በአራተኛው ቀን ካርታውን ገዝቼ ስወጣ እንዳልቀዳው አስጠነቀቁኝ፡፡ ያ ካርታ የአባቴን ቀዬ የሚያሳይ፣ በአባቴ ግብር የተሠራ ካርታ ነበር፡፡ ጽሑፌን ከጨረስኩ በኋላ አጥፌ አስቀመጥኩት፤ እስከ ዛሬም መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ አለ፡፡

ይህንንም ለሻምበል ነገርኳቸው፡፡ ዝም ብለው ሰሙኝና ‹‹የእኔ ዓይነት ሰው ፈቃድ ለማውጣት እዚህ አገር ደብዳቤ የሚጽፍለት ማን ነው?›› አሉኝ፡፡ ማንም እንደማይጽፍላቸው፣ የአሜሪካ ዜግነት እንኳ እንደማይጠየቁ አስረዳኋቸው፡፡ ለመጀመሪያው ደረጃ ፈቃድ 35 የምርጫ ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ 26ቱን መመለስ ይበቃል፡፡ የጥያቄዎቹን መጽሐፍ ሰኞ ማታ ወሰድኩላቸው፡፡ ሐሙስ ዕለት ስልክ ደውለው በአንቴና ርዝመት ስሌት ላይ መልሱ ተሳስቷል ብለው ተከራከሩኝ፤ አብረን ስናሰላው የተሳሳትኩት እኔ ሆኜ ተገኘሁ፡፡ ፈተናውን በሚቀጥለው ወር ይቀመጣሉ፡፡